ብራና በስልክ ሲነሣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመንዝና በአንኮበር አድባራት የብራና ሥዕል በስልክ የምታነሡ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ፍላሹን አጥፉት፤ ብርሃኑ ነጥሮ በፎቶው ላይ ቀለሙን ያነጣዋል። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይበቃል። ጥራዙን በግድ አትዘርጉት፣ ስፌቱ ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም (ገጾችን እጅግ አሳንሶ በፊልም የማንሣት) ሥራ ትልቅ ውለታ ነው፤ ፊልሙ ግን በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ሠዓሊን በቀለም አመራረጡ ለመለየት አያስችልም። ዛሬ ያ ዕድል በእጃችን ነው! ስለዚህ ከሥዕሉ ጎን የቀለም መለኪያ ካርድና ማስመሪያ ይቀመጥ። ከጎን ዝቅ ብሎ የሚበራ አንድ መብራት ደግሞ የተፋቀን የባለቤት ስም ሊያሳይ ይችላል። በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ አለዚያ ተጨምቆ ቀጫጭኑ መስመር ይጠፋል። የደብሩ ስም፣ የመጽሐፉ ርእስና የቅጠሉ (የብራናው ሉክ) ቁጥር፣ ፊት ወይም ጀርባ ተብሎ፣ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ።

ከደብረ ብርሃን