ከኋላ እንዳትቀመጪ

ቢቸና፣ ሐምሌ 12

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት። ዝናቡ ጥሩ ይዟል። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቦቃ ናት፣ አንቺ የምትወጃት ዓይነት።

ወንድምሽ ደውሎ ነበር። ለመምህራን የክረምት ስልጠና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ እንደተመደብሽ ነገረኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝን ስሰማ ግን የያዝሁትን ስኒ አስቀመጥሁ። «ስልጠናው ወረቀት ነው፤ አበሌን ተቀብዬ መስከረም ላይ ሱቅ እከፍታለሁ» ብለሻል አሉ።

ሱቅ መክፈት ነውር አይደለም። ከመምህር ደመወዝ ላይ ኪራይና ጤፍ ሲነሳ ምን እንደሚቀር አውቃለሁ፤ አንቺን ያሳደግሁሽ በእሱ ነው። ስልጠና ደመወዝ አይጨምርልሽም። ይጨምራል የሚልሽ ካለ ዋሽቶሻል። ክፍልሽ ውስጥ የታጨቁትን ልጆችም አያሳንስልሽም። የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኋላ እንዳትቀመጪ።

ትስቂ ይሆናል። የስልጠና የኋላ ወንበር ምን እንደሆነ ግን አንቺም ታውቂዋለሽ። ፈርመው የሚያንቀላፉበት፣ ስልክ የሚነካኩበት፣ «ይሄ ለፈረንጅ አገር ነው» የሚሉበት ቦታ ነው። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት አጥቻለሁ።

በ1988 ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ። ተከታታይ ምዘና፣ የቡድን ሥራ፣ ሁሉም ነገር አዲስ ነበር። ሰብስበው አምስት ቀን አሠለጠኑን። እኔ ያን ጊዜ 15 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ማን ምን ያስተምረኛል? ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጠመኔ እሞላለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አለንጋም ነበረኝ። ከኋላ ተቀመጥሁ። በአበሉ ለእናትሽ ነጠላ ገዛሁላት። አሁንም ለብሳው ሳይ ትንሽ አፍራለሁ።

ሁለተኛው ስልጠና በ1997 ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። ያን ጊዜ ማስተማር አንገሽግሾኝ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ደብተርሽን ይዘሽ ስትመጪ «ነገ» እልሽ ነበር። ነገም «ነገ» ነበር የምልሽ። ይቅር በይኝ።

ዘግይቼ ደረስሁ፤ ባዶ የነበረው የፊቱ ወንበር ብቻ ነው። አሠልጣኟ የአዊ ልጅ ናት። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠን በአዊኛ ሂሳብ ማስተማር ጀመረች። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ትጠይቃለች፣ ወዲያው ታልፋለች። ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። 24 ዓመት ያስተማርሁት ሰውዬ ተነስቼ ቆምሁ። ጀርባዬን አላበኝ። ጠየቀችኝ፤ ዝም ስላት ወደ ጎረቤቴ ዞረች። ጎረቤቴ ዳንግላ ያደገ ነው፣ ቀልጠፍ ብሎ መለሰ፣ አጨበጨበችለት። እኔ እንደቆምሁ ቀረሁ። ልቀመጥ እንዳልል ተቀመጥ አልተባልሁም። አስር ደቂቃ አይሞላም፤ ግን ደንቆሮ ሆኜ ነበር።

በመጨረሻ በአማርኛ «ምን ተሰማችሁ?» አለች። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ለእኔ የመጣችብኝ አንዲት ልጅ ናት። በ1992 አራተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ በመስኮቱ በኩል ነበር የምትቀመጠው። ስጠይቃት ዝም ትላለች። «ሂሳብ ላንቺ አልተፈጠረም፣ ተቀመጪ» እላታለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። በዓመቱ ሳትመጣ ቀረች፤ ዳሯት። ስሟን ከመዝገብ ሰረዝሁ፣ የት ደረሰች አላልሁም።

አሁን እዚሁ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ባለፈው ሦስት ኪሎ ተኩል ሽንኩርትና ሁለት ኪሎ ቲማቲም አስመዘንሁ። እኔ በጣቴ ስቆጥር እሷ ድምሩንም መልሱንም ነገረችኝ። «ይቁጠሩት ጋሼ» አለችኝ። ቆጠርሁት። ልክ ነው።

ወዴት ሄድሁ? ስለ ስልጠናው ነበር የምነግርሽ። ያቺው አሠልጣኝ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ተመራማሪ ነገረችን፤ ሜሪ ባድ ሮው ትባላለች። መምህራን ጠይቀው ለመልሱ ምን ያህል እንደሚታገሡ ለካች። አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ትዕግሥታቸው ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም ይሉ የነበሩትም ይናገራሉ። 3 ሰከንድ! ብር አይጠይቅ፣ ፕላዝማ አይጠይቅ።

መስከረም ላይ ሞከርሁት። ጥያቄ እጠይቅና በሆዴ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» እላለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ አመመው እንዴ ብለው ተያዩ። በሁለተኛው ሳምንት ከመጨረሻው ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አምናም እኔው ነኝ ያስተማርሁት፤ ድምፁን የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። መልሱ ስህተት ነበር፤ ግን እንዴት ያለ ስህተት! አስቦ ነው የተሳሳተው። ለካስ ያሰለቸኝ የገዛ ድምፄን ስሰማ መዋል ነበር። ያን ማታ ነው አንቺን «ደብተርሽን አምጪ» ያልሁሽ። ታስታውሺዋለሽ?

ከዚያ የ1988ቱን ደብተር ከቆጥ አወረድሁ። በራሴ እጅ «ከጠየቃችሁ በኋላ ጠብቁ» የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩ ዶሮ ስያለሁ። ልጄ፣ ከኋላ እንዳትቀመጪ።

አያትሽ መሪጌታ ነበሩ። ዋሸራ ቅኔ ተመርቀው፣ ተማሪ ሰብስበው ካስተማሩ በኋላ፣ የጎንጅን የቅኔ መንገድ ልወቅ ብለው እንደገና ከተማሪ ተራ ገቡ። ያን ጊዜ ጢማቸው ሸብቷል ይባላል። ማን አበል ከፈላቸው? ውሻ እየተከላከሉ ቁራሽ ለምነው ነው። እሺ፣ አንቺ እንደሳቸው ለምኚ አላልሁም፤ አትቆጪ።

በዓመት 60 ሰዓት ተሙማ፣ ያ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የሚሉት፣ እንዳለብሽ አውቃለሁ። የተሠራው የሚሰነድበት ማህደረ ተግባር ከጓደኛ ተገልብጦ እንደሚሞላም አውቃለሁ። እኔም አስገልብጫለሁ። ስልጠናን ያረከሰው እንዲህ ያለው ነገራችን ነው፤ በመንግሥት ብቻ አታላኪ።

ደግሞ ብቻሽን ሠልጥነሽ ብቻሽን አትመለሺ። ከትምህርት ቤትሽ አንዲት መምህርት ያዢ። በወር አንድ ቀን አንዳችሁ የአንዳችሁ ክፍል ገብታችሁ ተያዩ። እኔን እስከ ጡረታ ያቆየኝ ይኼ ነው። የአማርኛው መምህር ክፍሌ ገብቶ ስንት ልጅ እንደጠየቅሁ ይቆጥርልኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሆነ፤ ከ68 ልጅ። ስድስቱም ከፊት ነበሩ። ከኋላ መቀመጥ የሚፈቀድልሽ ጓደኛሽን ስታዪ ብቻ ነው።

እናትሽ በሶና ዳቦ ቆሎ ልካለች፤ በሶው ሳይነቅዝ ተጠቀሚበት። አጎበር እንዳትረሺ፤ የባሕር ዳር ወባ ክረምትና በጋ አይልም። ከፍኖተ ሰላም ስትነሺ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቂ፤ ከመሸ እንዳትሳፈሪ። ገንዘብሽን አንድ ቦታ አታድርጊ።

ኮሶበር፣ እናንተ እንጅባራ የምትሉት፣ መኪናው ከቆመ ውረጂ። ሴቶቹ በአዊኛ ሲጫወቱ አጠገባቸው ትንሽ ቁሚ። አንድ ቃል አይገባሽም። ቁሚ ብቻ።

የሱቁን ነገር መስከረም ላይ እንነጋገራለን። ቁርጥሽ ከሆነ እኔም ያስቀመጥኋት ትንሽ ብር አለች። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።

አባትሽ