የሕክምና እገዛ አገልግሎታችን እንዳይቋረጥ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣

እንደምታውቁት ለአሜሪካ ሕክምና አሠራር እንግዳ የሆኑ ወገኖቻችንን የሚረዳው አገልግሎታችን በዋናነት ይንቀሳቀስ የነበረው ከአንድ ለጋሽ ድርጅት በሚገኝ ድጎማ ነበር። ድጎማው ዘንድሮ አልታደሰም፤ ክፍተቱን ለመሙላት የጀመርነው መዋጮም ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ቆሟል። በየጊዜው እጃችንን መዘርጋታችን እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ደክሞናል።

ሆኖም የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና የፌዴራል ሕግ ከሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ክፍያ የሚቀበልና የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ የመጣውን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳያይ እንዲመረምር፣ ሕመሙ አስጊ ከሆነም እስኪረጋጋ እንዲያክም ያዝዛል፤ ብዙዎች ግን ሂሳቡን ፈርተው ቤታቸው ይተኛሉ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎችም ለአቅመ ደካሞች የክፍያ ድጋፍ ደንብ እንዲኖራቸውና ከሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ሂሳብ ከተላከ አንሥቶ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከቻ እንዲቀበሉ ይገደዳሉ። ይህን ሳያውቁ ተበድረው የከፈሉ አባላት አሉን። ከኢንሹራንስ የመጣውን፣ «ይህ ሂሳብ አይደለም» የሚለውን ወረቀት እንደ ዕዳ ቆጥረው እንቅልፍ ያጡ፣ እውነተኛውን ሂሳብ ግን ሳይከፍቱት አስቀምጠው ጉዳያቸው ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈባቸውም አሉ። እነዚህን ወረቀቶች አብሯቸው አንብቦ፣ ስልክ ደውሎ፣ ማመልከቻ ሞልቶ የሚከታተለው ይህ አገልግሎት ነው።

«ሆስፒታሉ በሕግ አስተርጓሚ በነፃ የሚያቀርብ ከሆነ ገንዘባችን ለምን ለበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና ወጣ?» የሚል ጥያቄ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሥቷል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሆስፒታሉ አስተርጓሚ በአብዛኛው የሚገኘው ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገሩ ነው፤ ቀጠሮ ለማስያዝ ስልክ ማንሣት ለሚቸግራቸው እናት፣ የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) እድሳት ደብዳቤ ቀኑ ሊያልፍበት ለተቃረበ አባት ግን ብዙ ጊዜ አይደርስም። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳላት የማታውቅ እናትም ልጇን ይዛ ትገባና ታዳጊው የእናቱን የምርመራ ውጤት እንዲናገር ይገደዳል፤ ይህ ለልጁም ለታማሚዋም ከባድ ነገር ነው። ሥልጠናው በጎ ፈቃደኞቻችን የሕክምና ቃላትንና የታማሚን ምስጢር አጠባበቅ እንዲያውቁ የተሰጠ ነው። ቀሪው ወጪ የግማሽ ቀን አስተባባሪ ደመወዝና የስልክ ክፍያ ነው፤ ከኮሚቴው አባላት አንድም ሰው አበል አልወሰደም። የሂሳብ መዝገቡን ማየት ለሚፈልግ አባል ሁሉ ክፍት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚሸኝ ሲሆን ገንዘቡ በአንድ ሌሊት ይሰበሰባል፤ በዚህም እንኮራለን። በሕይወት ያለው ታማሚ ሲሆን ለምን እንደምንዘገይ ግን አይገባንም። የታመመን መጠየቅ በክርስትናውም በእስልምናውም የታዘዘ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ መጠየቅ ማለት ብዙ ጊዜ ወረቀቱንም አብሮ ማንበብ ማለት ነው።

ቼክ የምትጽፉ በማኅበሩ ስም ብቻ ጻፉ፤ ማስታወሻው ቦታ ላይ «ለሕክምና እገዛ» ብላችሁ መጻፍን እባካችሁ አትርሱ፤ ካልተጻፈ ገንዘቡ ወደ ጠቅላላ ሂሳብ ይገባል። በዜል (በባንክ በኩል በስልክ ገንዘብ መላኪያ) የምትልኩ በአባልነት ደረሰኛችሁ ላይ ወደታተመው የማኅበሩ አድራሻ ላኩ። በማንም ግለሰብ ስልክ፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ ገንዘብ እንዳትልኩ። የአስተባባሪዋ ውል በወሩ መጨረሻ ስለሚያበቃ መዋጮው ከዚያ በፊት እንዲደርሰን እንለምናለን። ደግመን እናሳስባለን፦ በማኅበሩ ስም፣ «ለሕክምና እገዛ» ተብሎ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ።

የሕክምና እገዛ ኮሚቴ