ለደንበኞቻችን፦ ስም ለምን ደጋግመን እንደምንጠይቅ፣ ጠብታ ብቻ ሸጠን ለምን እንደማንሸኛችሁ

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ከረማችሁ፣ ቤተሰብ ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው ወይ። ይሄን የምንፅፍላችሁ ደሴ ካለችው ትንሿ የአይን ክሊኒካችን ነው። ሰሞኑን ካርድ ክፍልም በስልክም ብዙዎቻችሁ አንድ አይነት ነገር እያነሳችሁልን ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው በጥድፊያ ከመመለስ አንዴ ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ ብለን ነው። ለምን ስሜን ሶስት አራቴ ትጠይቁኛላችሁ፣ ጠብታ ብቻ ስጡኝ ስላችሁ ለምን እምቢ አላችሁ፣ ኦፕራሲዮን ያደረግኩ እለት ለምን ወደ ሀገሬ አትሸኙኝም፣ እነዚህ ናቸው ዋናዎቹ። ከተንታ ወይ ከደላንታ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ወረፋ ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብደው እናውቃለን፣ ቅሬታችሁ ይገባናል። ግን አይን ላይ የተፈጠረ ስህተት ብዙ ጊዜ መመለሻ የለውም፣ የምናስጠብቃችሁም የምንጠይቃችሁም ለዚሁ ነው።

ከስም እንጀምር። ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ፣ ስንት አህመድ፣ ስንት ፋጡማ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። በረንዳው ላይ "ሰይድ መሀመድ" ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሰው ይነሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጆሯቸው የከበደ አባት የሌላ ሰው ስም ተጠርቶ አቤት ብለው ይገባሉ። ለዚህ ነው ነርሶቻችን "ሰይድ ነዎት አይደል?" ብለው የማይጠይቁት፣ እንደዛ የተጠየቀ ሰው አዎ ማለት ይቀናዋል። "ስምዎትን እስከ አያት ይንገሩኝ፣ እድሜዎትስ፣ ከየት ነው የመጡት፣ የሚታከመው የትኛው አይንዎት ነው" ይላሉ፣ ከዛ እናንተ ያላችሁትን ካርዱ ላይ ካለው ጋር ያስተያያሉ። ካርድ ክፍል ተጠይቃችሁ፣ ነርሷ ጠይቃችሁ፣ ሀኪሙም ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ደግሞ ሲጠይቃችሁ እባካችሁ "አሁን ነግሬያቸው የለ" ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ሙሉውን መልሱልን።

የሞራ ኦፕራሲዮን ላላችሁ ደግሞ ከሚሰራው አይን በላይ ግንባራችሁ ላይ በማርከር ቀስት እናደርጋለን። እሷን ቀስት በሻሽ ወይ በነጠላ እንዳትጠርጓት። ዙህር ለመስገድ ውዱእ ካደረጋችሁ ልትለቅ ትችላለች፣ ችግር የለውም ብቻ ንገሩን፣ ካርዱን አይተን እንደገና እናስምራታለን። ስራው ሊጀመር ሲል ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ይሰበስብና የታካሚው ስም፣ የትኛው አይን እንደሆነ፣ በሞራው ፋንታ አይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጮክ ተብሎ ይነበባል። እኛ ያመጣነው ነገር አይደለም ይሄ፣ የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2008 ያወጣው 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ጥገና ቼክሊስት አለ፣ ለአይን እንዲሆን አድርገን የምንሰራበት እሱን ነው። ሌንሱ የእያንዳንዱ ሰው አይን ተለክቶ ነው የሚመረጠው፣ የሌላ ሰው ቁጥር ከገባ ሞራው ወጥቶም እይታው ብዥ እንዳለ ይቀራል።

"የመጣሁት ለአይኔ ነው፣ ስለ አስሜ ምን አገባችሁ" የሚሉንም አሉ። በጣም ያገባናል። ለግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ በአይን ግፊት መጨመር ምክንያት የአይን ነርቭ ለሚጎዳበት በሽታ፣ በብዛት የሚታዘዘው ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል፣ አይን ላይ ቢደረግም በእንባ መውረጃው በኩል አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የአይን ግፊት ለመቀነስ የሚሰጠውን ዲያሞክስ የሚባለውን ኪኒን ከማዘዛችን በፊት ደግሞ ሰልፋ ለሚባሉት መድሃኒቶች አለርጂ ካላችሁ ማወቅ አለብን። አባቶች ለፕሮስቴት የሚወስዱት ታምሱሎሲን የሚባል መድሃኒት አለ፣ እሱ በኦፕራሲዮን ሰአት የአይኑን ብሌን ያልፈሰፍሰዋል፣ ሀኪሙ ቀድሞ ካወቀ ተዘጋጅቶበት ይገባል። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ምንም ባያማችሁም በአመት አንዴ አይናችሁ በጠብታ ተከፍቶ ውስጡ መታየት አለበት፣ ስኳር የአይን ጀርባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲጀምር አይታወቅም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ፣ ዴክሳሜታዞን። ሰው "ዴክሳ" የሚለው ጠብታ ማለት ነው። አይኑን የሚያሳክከው ልጅ ያላት እናት ትመጣና "የዛን ጊዜ የሰጣችሁኝ ጠብታ ጥሩ ነበር፣ እሱን ድገሙልኝ" ትላለች፣ እኛ ልጁን ሳናይ አይሆንም ስንላት ከሌላ ቦታ ትገዛዋለች። በርግጥም ጥሩ ይመስላል፣ በሁለት በሶስት ቀን ቅላቱም ማሳከኩም ይጠፋል። ግን ይሄ መድሃኒት ያለ ክትትል ለወራት ሲደረግ የአይን ግፊት ይጨምራል፣ ግፊቱ ደግሞ አያምም፣ ልጁም አይናገርም፣ ትምህርት ቤት ሰሌዳው አልታይ ሲለው ነርቩ ብዙ ተጎድቶ ይገኛል። በግላኮማ የሞተ ነርቭ አይመለስም፣ እኛ የምናደርገው የቀረውን ማትረፍ ብቻ ነው። ሞራም በልጅነት ሊያመጣ ይችላል። ሌላው ደግሞ አውድማ ላይ ገለባ ወይ እሾህ አይኑን የወጋው ገበሬ ዴክሳ ከጨመረበት፣ ቁስሉ ፈንገስ ከሆነ ያብስበታል። ስለዚህ ብትቆጡንም ሳናይ አንሰጥም፣ እንደውም ለጎረቤት ልጅ "የኔ ልጅ በዚህ ነው የዳነው" ብላችሁ የምታካፍሉት ነገር ከምንም በላይ ነው የሚያስጨንቀን። መድሃኒቱ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ እኛም እናዛለን፣ ግን ቀጠሮ ቆርጠን ግፊት እየለካን ነው።

ብልቃጡን በተመለከተ፣ የተከፈተ ጠብታ በአብዛኛው ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል፣ ቢተርፍም ይጣላል። የከፈታችሁበትን ቀን እስኪርቢቶ አንስታችሁ ካርቶኑ ላይ ፃፉ። የጆሮ ጠብታና ሱፐር ግሉ ከአይን ጠብታ ጋር አንድ መስኮት ላይ እንዳይቀመጡ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሶስቱም በእጅ ሲዳሰሱ አንድ ናቸው።

እኛ ጋ ደግሞ ግፊት የሚለካው መሳሪያ አይን ስለሚነካ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ሳይፀዳ አይሄድም፣ ካፀዳነው በኋላም እስኪደርቅ እንጠብቃለን፣ አልኮሉ እርጥብ እያለ የአይኑን መስታወት ያቃጥላል። ቁጭ ብላችሁ "ምን ይጠብቃሉ" የምትሉት ያንን ነው። አይኑ የቀላና የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ ለብቻው የምናስቀምጠውም ቅላቱ በቫይረስ ከሆነ በእጅና በፎጣ በቀላሉ ስለሚተላለፍ ነው፣ ማግለል እንዳይመስላችሁ። የኦፕራሲዮን እቃ በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ጀርም በሚገድለው ማሽን፣ ተቀቅሎ የተጠቀለለበት ቴፕ ላይ ያለው መስመር ካልጠቆረ አይከፈትም፣ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩም እምቢ ካለ ቀጠሮ እናዛውራለን፣ ለዛ ቀን ይቅርታ እንጠይቃለን ግን አንጀምርም።

ስለ ፆምና ፀበል። ረመዳን ሲገባ የግላኮማ ጠብታቸውን ወሩን ሙሉ የሚያቆሙ አሉ፣ ግፊት ግን ወር አይጠብቅም። በቀን ሁለቴ የሚደረገውን ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ማስማማት ይቻላል፣ ሌላውንም መጥታችሁ ብትነግሩን ሰአቱን እናስተካክላለን። የአይን ጠብታ ፆም አይፈታም የሚሉ ብዙ ኡለማዎች አሉ፣ እናንተም የምታምኑትን ሸህ ጠይቁና አረጋግጡ። ጠብታ ስታደርጉ አይናችሁን ጨፍናችሁ የአፍንጫ ጎን ያለውን የአይን ጥግ ለ1 ወይ 2 ደቂቃ በጣት ጫን በሉት፣ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ይቀንሳል፣ መድሃኒቱም እዛው ይሰራል። ፀበል ለምትጠመቁም እንደዚሁ፣ አትሂዱ አንልም፣ ግን ኦፕራሲዮን የተደረገ አይን ውስጥ ሀኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ምንም ውሃ መግባት የለበትም፣ የውዱእም የሻወርም ውሃ። ከቄሱም ከሸሁም ጋር ተነጋገሩ፣ ሁሉም ይረዷችኋል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ በማግስቱ የግድ እናያችኋለን፣ ለዛ ነው ደሴ ዘመድ ጋ እደሩ የምንለው፣ ዘመድ የሌላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመም ከጨመረ፣ አይኑ እየቀላ ከሄደ፣ ትናንት ያያችሁት ዛሬ ከደበዘዘ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ይሄ የሰአታት ጉዳይ ነው፣ ገበያ ውሎ መምጣት የለም። ድንገት ብልጭታ ማየት፣ ጥቁር ነጠብጣብ መብዛት፣ መጋረጃ የወረደ ያህል ጎን መጨለም፣ ወይም የህፃን ብሌን ነጭ ሆኖ መታየትም እንደዚሁ በአስቸኳይ የሚታይ ነው። ኖራ ወይ ሲሚንቶ አይን ውስጥ ከገባ ግን ወደኛ ከመሮጣችሁ በፊት እዛው ባላችሁበት በንፁህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ የአይን ቆቡን ገልብጣችሁ፣ ከዛ ኑ። ብሌን መክፈቻ ጠብታ የተደረገላችሁ ቀን ለሰአታት ብዥ ስለሚል ባጃጅም ሞተርም አትንዱ፣ ሰው ይዛችሁ ኑ።

ሌሊት ከሆነና ስልካችን ካልተነሳ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የአይን ክፍል አለው፣ ወይም ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ያለውን መድሃኒት በሙሉ፣ የአይኑንም የስኳሩንም የደም ግፊቱንም፣ ያለቀውንም ብልቃጥ ጭምር በፌስታል ይዛችሁልን ኑ።

የክሊኒኩ ሰራተኞች
ደሴ