ይድረስ ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር፦ የሰሊጡን ዝቅተኛ ዋጋ ለኛም ንገሩን

ጤና ይስጥልን። ከጎንደር ነው የምጽፈው፣ አዘዞ ላይ ከመተማና ከአርማጭሆ የሚገባ ሰሊጥ ተቀብለን ለላኪ የምናስረክብ አቅራቢዎች አለን፣ አንዱ እኔ ነኝ። ዝቅተኛ ዋጋ የምለው ላኪው ከሱ በታች ለውጭ ገዢ እንዳይሸጥ እናንተ የምታወጡትን ቁጥር ነው።

ዶላር ባንክ 57 ብር ገደማ ሆኖ ብላክ እጥፍ በነበረ ጊዜ፣ በዛ ላይ የ2014ቱ መመሪያ ላኪው ካገኘው ዶላር 70 ከመቶውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10ሩን ለራሱ ባንክ ሽጦ 20 ከመቶ ብቻ ይያዝ ሲል፣ ብዙው ሰው ከሰሊጥ ለማትረፍ አልነበረም ሰሊጥ የሚልከው። እንበል ቶኑን እዚህ በ2000 ዶላር ሂሳብ ገዝቶ ለቻይና በ1800 ይሸጠዋል፣ በእጁ በምትቀረው 360 ዶላር ጎማ ያስገባና በብላክ ሂሳብ ሲቸበችባት የከሰረችው 200 ተመልሳ ትርፍም አለው። አስመጪ ያልሆነው፣ ሰሊጥ አበጥሮ መላክ ብቻ የሚያውቀው ምስኪን ከዚህ ጋር በምን አቅሙ ይጫረት? ቻይናዎቹም ሞኝ አይደሉም፣ ሰውየው ለዶላር እንደቸኮለ ስለሚያውቁ ዝም ብለው ይጠብቁታል፣ አንዱ ዋጋ ሲሰብር ሌላውም ይሰብራል። ገበሬው ያኔ ተጠቅሟል ካላችሁኝ አልክድም፣ ግን ጎማውን የገዛው የጭነት መኪና ኪራዩን የጨመረው በሱው ላይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅና ላኪው 50 ከመቶውን እንዲይዝ ሲፈቀድ ይሄ ጨዋታ ብዙ ተነፈሰ፣ ጥሩ ነው (የናንተ ሳይሆን የብሔራዊ ባንክ ስራ ቢሆንም)።

አሁን የቸገረኝ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ የሚባለው ነገር ነው። ዋጋ እንዳይሰበር ነው፣ ገብቶኛል። ግን የዓለም ዋጋ ወርዶ ቁጥሩ ካልወረደ ላኪው ኮንትራት ማስመዝገብ አይችልም፣ ጆንያው እኛ መጋዘን ይከመራል የባንክ ወለድም ይቆጥራል፣ ገዢው ደግሞ ታንዛኒያ ይሄዳል፣ እነሱም እንደኛው ቻይና ያለ ቀረጥ ነው የሚያስገቡት። የዓለም ዋጋ ሲወጣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከቀረ ደሞ አጭበርባሪው በዝቅተኛው አስመዝግቦ ልዩነቱን ውጭ ያስቀራል፣ በዛች ጉልበት ነገ እዚህ መጥቶ ከሀቀኛው በላይ ይገዛል።

ስለዚህ ቁጥሩን በየሳምንቱ፣ ከምን ተነስታችሁ እንዳወጣችሁት ጭምር፣ ላኪውም አቅራቢውም እኩል በሚያየው ቦታ ለጥፉት፣ ቴሌግራምም ይበቃል። ለዳቦና ለጣፋጭ የሚፈለገው ነጩ የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ ለዘይት ከሚሄደው የወለጋ ጋር በአንድ ዋጋ እንዳይለካ። ይሄ ደግሞ ጥቅምት ላይ አዲሱ ሰሊጥ መግባት ሳይጀምር ቢሆን፣ ከገባ በኋላማ ዋጋውን የሚነግረን ደላላው ነው።

አንድ የሰሊጥ አቅራቢ፣ ጎንደር