ፒፔቱን ከእጄ ላልነጠቃችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፌን አቅርቤ አለፍኩ፤ ተመስገን! በባዮሎጂ ልመረቅ ነው። ምስጋናዬን በግል ብቻ ብናገር ስለማይበቃኝ እዚህ ልጻፈው።

ፕሮፌሰር፣ ከእርስዎ ልጀምር። ትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ዞር ብሎ የሚያይ የለም ይባላል። እኔም አንደኛ ዓመት ላይ አዳራሹን ከሞሉት መቶዎች አንዷ ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ላብራቶሪዎ ውስጥ ልሥራ ብዬ ቢሮዎን ሳንኳኳ ግን ውጤቴን እንኳን አልጠየቁኝም። "መቼ ትጀምሪያለሽ?" ነበር ያሉኝ።

ከዚያ ያ ስድስት ሳምንት መጣ። ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ) በሠራሁ ቁጥር ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ባንድ፣ ማለትም ዲኤንኤ አለ የሚል የሚያበራ ጭረት፣ ያሳያል። ሆን ብዬ ዲኤንኤ ያልጨመርኩበት ቱቦ ነው፤ ውጤቱን በምናይበት ጄል ላይ መስመሩ ጨለማ መሆን ነበረበት። እሱ ካበራ የሌሎቹም ውጤት አይታመንም። እንደገና 95 ዲግሪ፣ እንደገና 72 ዲግሪ፣ 35 ዙር ማሞቅና ማቀዝቀዝ። ጄሉን አወጣለሁ፤ ያው ባንድ ቁጭ ብሏል።

ላቆም ነው ብዬ ስመጣ፣ ፕሮፌሰር፣ የሃድሰን ፍሪዝን ታሪክ ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1966 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሆኖ፣ ከመምህሩ ከቶማስ ብሮክ ጋር አሜሪካ ካለው የሎስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ቴርመስ አኳቲከስ የተባለውን ባክቴሪያ ለይቶ አሳደገ። በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚያባዛልን ታክ ኢንዛይም የተገኘው ከዚያ ባክቴሪያ ነው። ያን ቀን ወደ ላብራቶሪው ተመለስኩ።

አንተ የፒኤችዲ ተማሪው ወንድሜ፣ ያንን ሌሊት አልረሳውም። የራስህ ጽሑፍ ማስረከቢያ ደርሶብህ እያለ አጠገቤ ቁጭ አልክ። ልሥራልሽ አላልክም። "አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ሌላውን አትንኪ" አልከኝ። ከፒሲአሩ ቅልቅል ውስጥ ፕራይመሩን ቀየርኩ፤ ባንዱ አለ። ኢንዛይሙን፤ አለ። በፈሩን፤ አለ። ውሃውን ስቀይር መስመሩ ጨለመ። ለካ በሆነ ቀን ዲኤንኤ በነካ ቲፕ፣ ማለትም በፒፔቱ (በፈሳሽ መቅጃው) ጫፍ፣ ከውሃው ቱቦ ቀድቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ካንተ ግን አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣችም። የጄሉን ፎቶ አትመህ፣ ቀኑን ጽፈህ ደብተሬ ላይ ለጠፍክልኝ።

የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን፣ ጠዋት ስገባ ቲፑ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ከጀርም ጸድቶ (አውቶክሌቭ ተደርጎ) ደርቆ ይጠብቀኝ ነበር። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምትገቢ ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እማዬ፣ ስልክ ያላነሳሁባቸውን ቀናት ሁሉ ይቅር በይኝ።

ሰኞ አዲስ ተማሪ ወደ ላብራቶሪው ትገባለች። ደብተሬን ትቼላታለሁ። ውሃውንም በትንንሽ ቱቦ ከፋፍዬ፣ ቀን ጽፌበት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጫለሁ። አንዱን ቱቦ አንዴ ብቻ ትጠቀምበት።