ደጋግሞ ስለሚወልቅ ትከሻ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስብራት ስትጽፉ የትከሻን ውልቃት ማለፋችሁ አስገርሞኛል፤ ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ደጋግሞ የሚወልቀው እርሱ ነውና። እኛ ደሴዎች በጦሳ ተራራ ግርጌ ኳስ ሲጫወት ትከሻው የወለቀበትን ልጅ ይዘን የምንሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ትከሻውን ቢመልሰውም (ራጅ ሳይነሳ መሳቡ ስብራት ካለ አደገኛ መሆኑ ሳይዘነጋ)፣ በመጀመሪያው ውልቃት ከአጥንቱ የተገነጠለው የመገጣጠሚያው ጠርዝ ብዙውን ጊዜ በቦታው ስለማይጠግግ፣ በተለይ ከ20 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ሸሚዝ ሲያወልቅ እንኳ ሊወልቅበት ይችላል።

ዛሬ ሐኪሞች ትከሻውን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ቀጭን ካሜራና መሣሪያ አስገብተው፣ የተገነጠለውን ጠርዝ ክር በተያያዘባቸው ጥቃቅን ማሰሪያዎች ከአጥንቱ ጋር መልሰው ይሰፉታል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ለሳምንታት በማንገቻ ይታሰራል፤ ወደ ግጭት ስፖርት መመለስ ግን 6 ወር ገደማ ይጠይቃል። የመገጣጠሚያው አጥንት በብዛት ከተበላ ይህ ስፌት ብቻውን ስለማይበቃ፣ አጥንት የሚጨመርበት ሌላ ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። ለዚህም ነው ትከሻው ለሁለተኛ ጊዜ ሳይወልቅ የአጥንት ሐኪም ማየት እንደሚገባ በዓምዳችሁ እንድትጽፉ የምጠይቀው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ