ለልጅ ጨጓራ ማሳነስ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማን ይከታተለዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ለልጆች ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ እዚህ አሜሪካ ባለው ማኅበረሰባችን ሁለት ጽንፍ ይሰማል። አንዱ «ልጅ አይደለም እንዴ? ቢሮጥ ይቀንሳል» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ዘመዱ ቱርክ ሄዶ በቀዶ ሕክምና ክብደቱ ቀንሶ ሲመለስ ያይና የ15 ዓመት ልጁን ለመላክ የአውሮፕላን ዋጋ ያጠያይቃል። ሁለቱም ልጁ ምን እንዳለበት አላስመረመሩም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 13 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከባድ ውፍረት ያለባቸው ልጆች ለቀዶ ሕክምና ግምገማ እንዲላኩ ይመክራል። መላክ ማለት ግን መቀደድ ማለት አይደለም። መለኪያው በግርድፉ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ልኬት) 40 ነው፤ ወይም 35 ሆኖ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጉበት ስብ ወይም በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ሲጨመርበት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ለሆነች ልጅ 35 ማለት ወደ 90 ኪሎ፣ 40 ማለት ከ102 ኪሎ በላይ ነው። ሞላ ያለች ልጅ እዚህ ውስጥ አትገባም። ያልታከመ የአመጋገብ መታወክ ያለበት፣ ዕፅ የሚጠቀም፣ ወይም ራሱ የማይፈልግ ልጅም አይገባም፤ ወላጅ ስለፈለገ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም።

«ይጠብቅ፣ ሲያድግ ይደርሳል» የሚለው ምክር ዓይነት ሁለት ስኳር ለያዘው ልጅ አይሠራም። በሽታው በልጅነት ሲጀምር ከአዋቂው ይልቅ ይፈጥናል፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ብቻውን በተሰጣቸው ወጣቶች ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት ግማሽ ያህሉ ስኳራቸው ከቁጥጥር ወጥቷል። በሌላ በኩል ቲን ላብስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት 242 ወጣቶችን ተከታትሎ፣ በ3 ዓመት ክብደታቸው በአማካይ 27 በመቶ መቀነሱንና ስኳር ከነበረባቸው 95 በመቶው ከበሽታው መላቀቃቸውን አሳየ። በ10 ዓመት ግን ከስኳር ነፃ ሆነው የቆዩት 55 በመቶ ናቸው። ጥሩ ውጤት ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አለው። በ3 ዓመት ውስጥ 13 በመቶው ለተጨማሪ የሆድ ውስጥ ሕክምና ተመልሰዋል፤ 57 በመቶው ደግሞ የብረት ክምችታቸው ወርዶ ተገኝቷል። ወላጆች እምብዛም የማይጠይቁት ይህንን ነው።

አሁን በብዛት የሚሠራው ስሊቭ ሲሆን ከጨጓራው እስከ 80 በመቶ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው፤ የወጣው አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የሚፈራው የተሰፋው መስመር መከፈቱ ነው። ልጁ ልቡ በደቂቃ ከ120 በላይ ከመታ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ግራ ትከሻውን ካመመው እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሌላው አደጋ ማስታወክ ነው። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይውጥና ያስመልሰዋል፤ ቤተሰቡም «ይለምደዋል» ይላል። ሰውነት የሚያከማቸው ቪታሚን ቢ1 ከሁለት ሦስት ሳምንት አያልፍም። ሲያልቅ እግር ይደነዝዛል፣ ልጁ ይንገዳገዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ ከዘገየ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ቀዶ ሕክምናውን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ከተተከለ ጉዳቱ ይባባሳል።

ለእኛ ቤት ደግሞ የጾም ጉዳይ አለ። ቀጠሮው ከትምህርት ዕረፍት ጋር እንዲገጥም ሐምሌ ውስጥ ከተያዘ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ፍልሰታ ይደርሳል፤ ልክ ቢ1 በሚያልቅበት ሰሞን። ልጁ በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው፤ የቀረው ጨጓራ ግን በአንዴ ከግማሽ ኩባያ ብዙም አይቀበልም። እንጀራና ለስላሳ ዳቦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያንቃሉ። ቢ12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። የጤፍ ብረትም ብዙ ነው ቢባል ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ የወር አበባ ለምታይ ልጅ አይበቃም። ውሃ ቢያንስ ሊትር ተኩል በጥቂት በጥቂቱ ቀኑን ሙሉ መጠጣት ስላለበት፣ እስከ ቀትር መቆየትም ሆነ ረመዳን መጾም በዚያ ሰሞን አይቻልም። የንስሐ አባትን ወይም ኢማምን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማነጋገር እንጂ ልጁ ጥፋተኛ ነኝ እያለ ተደብቆ እንዲበላ ማድረግ አይገባም።

የብረት ክኒንና ካልሲየም በሁለት ሰዓት ይራራቁ፤ ብረቱ በሻይ ወይም በቡና አይዋጥ። ከስሊቭ ሌላ የሆነው አንጀት የማዞር ቀዶ ሕክምና (ባይፓስ) የተደረገላት ልጅ ለወር አበባ ሕመም አይቡፕሮፌን መውሰድ የለባትም፤ ያቆስላል። እናቶች መናገር የሚያፍሩበትም አለ፦ ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ እርግዝና ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ 12 እስከ 18 ወር መዘግየት አለበት፤ ለዚህም የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ አንጀቷ ለዞረ ልጅ አስተማማኝ አይደለም።

ከ12 ዓመት ጀምሮ የተፈቀዱ ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎችም አሉ። ሲቆሙ ክብደቱ ስለሚመለስ ምትክ ናቸው ለማለት ይከብዳል፤ መጀመሪያ መሞከራቸው ግን ተገቢ ነው።

እንግዲህ ልጁን ውጭ አገር ወስዶ በሳምንት የመመለሱን ነገር እቃወማለሁ። ለሚያስፈልገው ልጅ ቀዶ ሕክምናውን ግን አልቃወምም። የደም ምርመራው በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ዕድሜ ልክ ነው። የሚከታተለው ሐኪም አስቀድሞ በስም ይታወቅ፤ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ቢ1 እና ቪታሚን ዲ የሚለካ ላቦራቶሪ በአቅራቢያ መኖሩ ይረጋገጥ። ምን ያህል እንደተቆረጠ፣ በምን ዓይነት እንደተሠራ የሚገልጸውን የቀዶ ሕክምና ሪፖርትም ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ይቀበሉ፤ ከዓመት በኋላ በስልክ ሲፈለግ አይገኝም።

የሕፃናት ሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ሜሪላንድ